ቮላታይል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በ«ብን» እና በ«ቱግ» መያዝ፦ ደረጃ በደረጃ

ሰላም ናችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ከሰዓት ከሰዓት እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ አብዛኞቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ተመርቀው ስራ እየፈለጉ ያሉ። በቀደም አንዷ ለስኮላርሺፕ የምትልከውን ደብዳቤ «ቲቸር እስኪ እዪልኝ» ብላ ይዛልኝ መጣች። ደብዳቤው ጥሩ ነው፣ ልጅቷም ጎበዝ ናት፣ ግን ሶስተኛው መስመር ላይ «አይ አም ኤ ቮላታይል ፐርሰን» ይላል። ምን ለማለት ፈልገሽ ነው ስላት «ከመጣው ሁኔታ ጋር ራሴን መለዋወጥ እችላለሁ ለማለት ነው፣ የስልኬ ዲክሽነሪ ተለዋዋጭ ነው የሚለው» አለችኝ። ያንን ደብዳቤ ውጭ አገር ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን የሚገባው ሌላ ነው፦ «እኔ መቼ ቱግ እንደምል የማይታወቅ ሰው ነኝ» ብላ የጻፈች ነው የሚመስለው። ሶስት ሌሊት ቁጭ ብላ የሰራችው ደብዳቤ በአንድ ቃል ሊበላሽ ነበር፣ እና እውነቴን ነው፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ዲክሽነሪው አንድ ቃል ሰጣት እሷም አመነችው።

ስለዚህ ይሄን ቃል እኔ ልጆቹን በማስይዝበት መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፍላችሁ። ሰዓት የለኝም የምትሉ ደረጃ 3ን እና 4ን ብቻ አንብቡ፣ ዋናው እዛ ነው።

ደረጃ 1፦ «ተለዋዋጭ» የሚለውን ለጊዜው አስቀምጡት

ተለዋዋጭ ስህተት ነው አላልኩም። ችግሩ በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። የሂሳብ መጽሐፍ ላይ ኤክስና ዋይ ተለዋዋጭ ይባላሉ፣ የአየሩ ጠባይ ተለዋዋጭ ነው እንላለን፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰውም ተለዋዋጭ ነው፣ የፈረቃ ሰዓትም ተለዋዋጭ ነው። እንግሊዝኛ ለነዚህ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ቃል አለው። እና ቮላታይልን በተለዋዋጭ ብቻ ከያዛችሁት ኤክስን ቮላታይል ትላላችሁ፣ የፈረቃውን ሰዓት ቮላታይል ትላላችሁ፣ ሁለቱም አይሆንም።

ይልቅ ከስሩ እንነሳ። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፣ ቮላሬ ማለት መብረር ነው፣ ቮላቲሊስ ደግሞ የሚበር፣ ክንፋም። ድሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም ለወፍና ለሚበሩ ፍጥረታት ይባል ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ አየር ለሚተን ፈሳሽ፣ ቀጥሎም ለሰው ጠባይ የዋለው። ቮሊቦል የሚለውም ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ የዚሁ ስር ልጅ ነው፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ አየር ላይ እያለች ስለምትመታ። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ አይረሱትም፣ ምክንያቱም ቮሊቦል ያልተጫወተ የለም። እናንተም ቃሉን ስታዩ መጀመሪያ የሚበር ነገር አስቡ፣ ከእጅ የሚያመልጥ ነገር።

ደረጃ 2፦ አፋችሁንና እጃችሁን አለማምዱ

አጻጻፉ ስምንት ፊደል ነው፦ ቪ፣ ኦ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን ኢ ይረሳታል፣ ወይ ደግሞ መሀል ላይ ያለውን ኤል ሁለት ያደርገዋል፣ አንድ ነው።

አነባበቡ ሁለት አይነት ነው። እንግሊዞቹ «ቮለታይል» ይሉታል፣ አሜሪካኖቹ መጨረሻውን ውጠው «ቫለትል» ነው የሚሉት፣ ፊልም ላይ ሰምታችሁ ሌላ ቃል ከመሰላችሁ ለዛ ነው። ሁለቱም ጋ የሚጠብቀው፣ ማለቴ ጉልበቱ የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው፣ «ቮ» ላይ። እኛ ጋ የሚያስቸግረው ቪ ነው፣ «ቦላታይል» የሚሉ አሉ፣ የላይኛው ጥርሳችሁ የታችኛውን ከንፈር ነካ ካላደረገ ቪ አይወጣም። ስም ሲሆን ቮላቲሊቲ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ጉልበቱ ወደ «ቲ» ይሄዳል፣ ቮለ-ቲ-ሊቲ። አምስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉትና እንለፍ።

ደረጃ 3፦ ቃሉን አሽቱት

አዎ፣ አሽቱት። ቮላታይል አይን አይቶት ሳይሆን አፍንጫ አሽትቶት የሚገባ ቃል ነው።

አክስቴ መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው፣ መንዝ። እኔ ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እዛ እሄድ ነበር፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እና ማታ ማታ ጦስኝ ይፈላል። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ጦስኙን ጨምሬ ክዳኑን ሳልገጥም እሳቱ ዳር ቁጭ አልኩ፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው፣ ደስ የሚል ሽታ። አክስቴ ከጓዳ ወጥታ «ክደኚው እንጂ ልጄ! ሽታው ብን ብሎ ይሄድብሻል፣ ከዛ ምኑን ልትጠጪው ነው?» አለችኝ። እኔ እኮ ቤቱ ስለሸተተ ሻይው የበረታ መስሎኝ ነበር። ስንቀዳው ግን ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም፣ ጣዕሙ ጣራው ስር ነው ያለው።

ቮላታይል ማለት ይሄ ነው። ጦስኝ ቅጠሉ ውስጥ ዘይት አለው፣ ያ ዘይት እንደ ምግብ ዘይት ድስት ውስጥ አርፎ አይቀመጥም፣ ትንሽ ሙቀት ካገኘ ተኖ አየር ላይ ይወጣል፣ እንግሊዝኛው ቮላታይል ኦይል ይለዋል። ኮሰረትም፣ ጤና አዳምም፣ በሶብላም የሚሸቱት በዚሁ ነው። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ እኮ ከራሱ ላይ ትንሽ ትንሽ ወደ አየር እየለቀቀ ነው አፍንጫችን ጋ የሚደርሰው። ከዛ ቤንዚን አስቡ፣ ማደያ ስትቆሙ ገና ሲቀዳ ሽታው አፍንጫችሁን ይመታዋል፣ ናፍጣ ግን እንደሱ አይደለም፣ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ቤንዚን ከናፍጣ ይልቅ ቮላታይል ነው። ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ክዳኑ ክፍት ሆኖ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም የሚባለውም ለዚሁ ነው፣ እሳት የሚይዘው ፈሳሹ ሳይሆን የማይታየው ተን ነው፣ ተኑ ደግሞ ሄዶ እሳቱን ራሱ ያገኘዋል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ካለ ደግሞ ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጎረቤታችን ያሉ እናት አረቄ ያወጣሉ፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ። ድፍድፉ እሳት ላይ ነው፣ ከላዩ ቱቦ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው የገባበትን አፍ በሊጥ ጥርቅም አድርገው መርገውታል፣ እኔ እየጠየቅኳቸው እንኳን አይናቸው ከዛ ሊጥ ላይ አይነሳም፣ ትንሽ ከተሰነጠቀ ጣታቸውን ውሃ ነክረው ይለጥፉታል። «እዚህ ጋ ከተነፈሰ ልፋቴ ሰማይ ገባ ማለት ነው» አሉኝ። ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው፦ አልኮል ባህር ጠለል ላይ ሲለካ በ78 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ውሃ በ100፣ (ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ጋ ውሃው ራሱ ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ የአልኮሉም እንደዛው ዝቅ ይላል፣ ልዩነታቸው ግን አለ።) ስለዚህ ድፍድፉ ሲሞቅ ቀድሞ ብን የሚለው አልኮሉ ነው፣ ውሃው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብን ያለውን ቱቦው ይዞ ያቀዘቅዘውና መልሶ ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ የሚወርደው ብርቱ የሆነው፣ መጨረሻው የቀጠነው ለዛ ነው። በእንግሊዝኛ አልኮል ኢዝ ሞር ቮላታይል ዛን ዋተር። ይሄን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በቃል ያዙት፣ ሰዋስውም ትርጉምም አብሮ ይዟል።

ደረጃ 4፦ የብንና የቱግ ፈተና

አሁን ወደ ቁልፉ መጣን። አማርኛችን እነዚህን የመሰሉ ቃላት አሉት፣ ብን አለ፣ ቱግ አለ። ብን የሚለው ድንገት ተነስቶ ከእጅ የሚያመልጥ ነው፣ ተን፣ አቧራ፣ ሽታ። ቱግ የሚለው ድንገት የሚነድ ነው፣ እሳት፣ ቁጣ። ቮላታይል ሁለቱንም ይዟል። እንግዲህ አንድን ነገር ቮላታይል ልትሉ ስታስቡ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይሄ ነገር ብን ሊል ወይም ቱግ ሊል ይችላል? በጥቂት ምክንያት፣ በድንገት፣ ብዙም ሳያስጠነቅቅ? አዎ ከሆነ ቮላታይል ነው። ቀስ እያለ የሚለወጥ ከሆነ፣ ወይ ሰው ወዶና አቅዶ የሚለውጠው ከሆነ፣ ቮላታይል አይደለም።

ልጅቷ የጻፈችውን በዚህ ፈትኑት። እሷ ማለት የፈለገችው ራሴን አስተካክላለሁ ነው፣ ወዳና አስባ የምታደርገው ነገር ነው፣ ብንም ቱግም የለበትም። ወደቀ። የወረዳው ሃላፊ በየአመቱ ይለዋወጣል? ብንም ቱግም የለም፣ ወደቀ። የጫት ቤቱ ጸብ? ቱግ ይላል፣ አለፈ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቮላታይል ለማለት ነገሩ አሁን መንደዱ ግድ አይደለም። አሁን ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። የተዘጋ የቤንዚን ጀሪካን ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ቮላታይል ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ አሁኑ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ስላለው ነገር ነው፣ ይሄን የሳተ ሰው ዜና ሲያነብ ይሳሳታል፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ደረጃ 5፦ ጎረቤቱን እያያችሁ ተርጉሙ

ቅጽል ሁልጊዜ ከጎኑ ካለው ስም ጋር ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ቮላታይልን ስታገኙት ቀጥሎ ያለውን ስም ተመልከቱና አማርኛውን እንደሱ ምረጡ።

ፈሳሽና ሽታ ከሆነ ተናኝ፣ ወይ ቶሎ የሚተን። ይሄ ከላይ በቂ ተብሏል።

ዋጋና ገበያ ከሆነ የሚዋዥቅ ነው። ዜና ላይ የዋጋ መዋዠቅ ሲሉ ሰምታችሁ የለ፣ እሱ ማለት ፕራይስ ቮላቲሊቲ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ልጆች ሳይቀር ይሳሳቱበታል። ቮላታይል ማለት ውድ ማለት አይደለም፣ የሚጨምር ማለትም አይደለም። ሸዋ ሮቢት ያለውን ሽንኩርት ውሰዱ። ሮቢትና አካባቢው በመስኖ ያመርታል፣ ሽንኩርት ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም፣ ከተነቀለ በቶሎ መሸጥ አለበት፣ የሁሉም ማሳ አንድ ሳምንት ከደረሰ ገበያው ይጥለቀለቃል ዋጋው ቁልቁል ይሄዳል፣ ዝናብ ከመታው ወይ መኪና ካልመጣ ደግሞ ሌላ ይሆናል። እንበል ሰኞ ኪሎው 40 ብር ነበረ፣ ሐሙስ 75 ገባ፣ በሳምንቱ 35 ሆነ። ይሄ ቮላታይል ነው፣ መጨረሻ ላይ ከመነሻው ረክሶ እንኳን ቮላታይል ነው። አሁን ደግሞ እንበል ዘይት በየወሩ እኩል አስር አስር ብር ጨመረ፣ አንዴም አልቀነሰም። ኪሳችሁን የበለጠ የሚጎዳው ዘይቱ ነው፣ ግን ቮላታይል አይደለም፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ወር ስንት እንደሚሆን መገመት ትችላላችሁ፣ እሱ መወደድ ነው የሚባለው። ፋይናንስ የሚማሩት ቮላቲሊቲን በስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚለኩት ለዚህ ነው፣ የሚለካው ዋጋው የት ደረሰ ሳይሆን ምን ያህል ከፍ ዝቅ አለ ነው። ማሾ የሚዘሩ ገበሬዎች ይሄን ያለ እንግሊዝኛ ያውቁታል፣ «ዋጋው ይረጋል ወይስ ይዘላል» ነው ጥያቄያቸው፣ የዘራው ሰው ሲደርስ በስንት እንደሚሸጥ ካላወቀ ብድር እንኳን ለመውሰድ ይፈራል።

ሰው ከሆነ ግልፍተኛ፣ ቱግ ባይ። ቮላታይል ቴምፐር ማለት ቁጣው አፋፍ ላይ ያለ ማለት ነው። አንዳንዴ ዘወትር ስለሚጣሉና ስለሚታረቁ ባልና ሚስትም ቮላታይል ሪሌሽንሺፕ ይባላል። ሰው ላይ ስትጠቀሙት ሙገሳ አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዙት፣ ማመልከቻና ሲቪ ላይ ስለ ራሳችሁ በፍጹም አትጻፉት።

ሁኔታ ከሆነ፣ ዘ ሲቹዌሽን ሪሜይንስ ቮላታይል የሚል፣ ይሄን ያላነበበ ያለ አይመስለኝም፣ ስለ ሰላምና ጸጥታ የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ዜናዎችና ሪፖርቶች ላይ በጣም የተለመደ አባባል ነው። የውጭ ዘመድ ያላችሁ፣ ዘመዶቻችሁ ይሄን አንብበው ደንግጠው ይደውላሉ። ምን ማለት እንደሆነ በትክክል ማወቅ ጥሩ ነው፦ ሁኔታው አልተረጋጋም፣ ዛሬ መንገድ ክፍት ሊሆን ይችላል ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ በትንሽ ነገር ሊነሳ ይችላል ነው። አሁን በዚህች ሰዓት ተኩስ አለ ማለት አይደለም፣ ሰላም ነው ማለትም አይደለም። እሳትና ጭድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንደምንለው ነው። እናቶቻችን «አሁንስ ደህና ነው፣ ግን አይታመንም» ይላሉ፣ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም። ለሚደውል ሰውም እንደዚሁ ብላችሁ ንገሩት።

ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ቮላታይል ሜሞሪ አለ፣ ራም ማለት ነው። መብራት ሲሄድ የያዘው በሙሉ ብን የሚል። አሳይመንት ጽፋችሁ ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ጠፍቶባችሁ ያውቃል? በቃ እሱ ነው፣ የጻፋችሁት ራም ላይ ነበር። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ኖን-ቮላታይል ናቸው፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ይይዛሉ። ሶፍትዌር የምትማሩ ደግሞ ሲ ላንጉዌጅ ላይ ቮላታይል የሚል ቁልፍ ቃል ያጋጥማችኋል፣ ለኮምፓይለሩ «ይሄ ቫሪየብል ከፕሮግራሙ ውጭ በሆነ ነገር በማንኛውም ሰዓት ሊለወጥ ይችላልና ያለፈውን አትመን፣ በተጠቀምክበት ቁጥር ሄደህ አንብበው» ማለት ነው፣ ሃሳቡ ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ከዘመዶቹ ለዩት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጣርማ በር ስትደርሱ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ፣ በዚህ በኩል ስትገቡ ፀሐይ ነው በዛ በኩል ስትወጡ ጉም ሊሆን ይችላል፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእርምጃ ይነዳል፣ ትንሽ ወረድ ስትሉ ይገለጣል፣ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬት አውልቃችሁ ታቅፋችሁታል። ይሄ አየር ምን ይባላል? ቼንጀብል። የሚለዋወጥ፣ በቃ። ቼንጀብል ለአየር ጠባይ የተለመደው ቃል ነው፣ ክፋትም አደጋም የለበትም። ቮላታይል ዌዘር የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፣ ግን ያኔ ጸሐፊው ድንገት የሚነሳ ማዕበል ምናምን እያሰበ ነው።

ፊክል ደግሞ የኛ ወረተኛ ነው፣ እና ይሄ በጣም የሚገጥም ትርጉም ስለሆነ ደስ ይለኛል። ዛሬ አንዱን ቡድን ደግፎ በሁለት ጨዋታ ሽንፈት ሌላ ማሊያ የሚለብስ ደጋፊ ፊክል ነው፣ ቮላታይል አይደለም። ልዩነቱ ምንድነው፣ ወረተኛ ልቡ አይጸናም፣ ቱግ ባይ ግን ልቡ ሊጸና ይችላል ቁጣው ነው የማይያዘው። ታማኝ ሆኖ ግልፍተኛ የሆነ ሰው ሞልቷል።

ቫሪየብል የሂሳቡ ተለዋዋጭ ነው፣ ስሜት የለበትም። አንስቴብል የማይረጋ፣ ሊወድቅ የሚችል ነው፣ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ አንስቴብል ነው ግን ቮላታይል አይባልም። ሚውተብል ሊለወጥ የሚችል ነው፣ ፕሮግራመሮችና መጻሕፍት ላይ ነው የሚበዛው። መርኩሪያል ስሜቱ ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ ሰው ነው፣ መርኩሪ ከሚባለው የሮማውያን አምላክ ስም የመጣ፣ ከቮላታይል ትንሽ ለስለስ ይላል።

ከሁሉም የሚያደናግረው ግን ቨርሰታይል ነው። ከዲክሽነሪው ሌላ ልጅቷን እሱም ሳይሸውዳት አልቀረም ብዬ አስባለሁ፣ ሁለቱም በቪ ጀምረው በታይል ይጨርሳሉ። ቨርሰታይል ማለት ብዙ ነገር የሚችል፣ የትም ቢያስቀምጡት የሚሰራ፣ ሁለገብ። ስሩ መዞር ነው፣ የቮላታይል ግን መብረር። የሚዞር እጃችሁ ላይ ነው፣ የሚበር አምልጧችኋል፣ እንደዚህ ነው የምለያቸው። ሁለገብ የሆነ ሰው ሲቪው ላይ ቨርሰታይል ይጻፍ። ቫዮለንትም ሌላ ነው፣ እሱ አድራጊ ነው፣ ሰው መትቷል ማለት ነው፣ ቮላታይል የሆነ ሰው ማንንም ላይመታ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ዓረፍተ ነገር ስሩበት

ሰዋስዉ ቀላል ነው። ከስም በፊት ይገባል፣ ኤ ቮላታይል ማርኬት። ወይ ደግሞ ከኢዝ፣ ከሪሜይንስና ከቢካምስ በኋላ ይገባል። ሲያወዳድሩ ሞር ቮላታይል፣ ሞስት ቮላታይል ነው፣ መጨረሻው ላይ ኢ እና አር መጨመር አይሆንም። ማጠንከር ስትፈልጉ ሃይሊ ቮላታይል በሉ፣ ከቬሪ ይልቅ ሃይሊ ነው የሚለመደው። ተቃራኒው ስቴብል ነው፣ ለሜሞሪና ለኬሚካል ግን ኖን-ቮላታይል።

ልጆቼ የሰሩትን ላሳያችሁ። አንዱ «ኦኒየን ፕራይስስ ኢን ሸዋ ሮቢት አር ሃይሊ ቮላታይል» ብሎ ጻፈ፣ ትክክል። ሌላው «ማይ አጎት ኢዝ ቮላታይል ቢኮዝ ሂ ቼንጅስ ሂዝ ጆብ» ብሎ አመጣ፣ አጎቴ ስራ ስለሚቀያይር ለማለት ነው። ብን ቱግ በሉበት፣ ያልፋል? አያልፍም፣ ሰውየው ስራ ቀየረ እንጂ አልነደደም። አጎቱ ቁጡ ቢሆኑ ኖሮ ልክ ነበር። ሶስተኛዋ «ኪፕ ዘ ሊድ ኦን፣ ዘ ኦይልስ ኢን ጦስኝ አር ቮላታይል» አለች፣ ክዳኑን አታንሱት ማለቷ ነው፣ የአክስቴን ታሪክ ሰምታ ነው የሰራችው፣ ወረቀቱን እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ደረጃ 8፦ የቤት ስራ

እነዚህን በብንና በቱግ ፈትኗቸው፣ መልሱን ሳታዩ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ የደብረ ብርሃን የሌሊት ብርድ፣ የቲማቲም ዋጋ፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ ሽቶ፣ ውርስ የሚካፈሉ የተኳረፉ ወንድማማቾች ስብሰባ፣ ፍላሽ ዲስክ።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ቮላታይል ነው፣ ጠርሙሱን ክፍት ትታችሁ ስትመለሱ ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ብርዱ አይደለም፣ ብርቱ ነው ግን በየሌሊቱ በሰዓቱ ይመጣል፣ የሚታመን ብርድ ነው። የቲማቲም ዋጋ ነው፣ ከሽንኩርትም ሊብስ ይችላል ምክንያቱም ከሽንኩርት በፊት ይበሰብሳል። የመታወቂያ ቁጥር አይደለም። ሽቶ ነው፣ የተቀባችሁት ጠዋት ሸትቶ ከሰዓት የሚጠፋው ለዛ ነው። የወንድማማቾቹ ስብሰባ ነው፣ ገና ሳይጀመር ሽማግሌ የሚቀመጠው እኮ ቱግ እንዳይል ነው። ፍላሽ ዲስክ ኖን-ቮላታይል።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ልጅቷ ቨርሰታይል የሚለውን ልተካው ወይ አለችኝ፣ እኔ ግን ቃል ከመተካት የሰራሽውን ንገሪያቸው አልኳት። ሶስተኛውን መስመር ሰርዛ ከመንዝ ለ9ኛ ክፍል ብቻዋን ደብረ ብርሃን መጥታ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰራች እንዴት እንደተማረች በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ደብዳቤው በማግስቱ ተልኳል።